የአስራ አራት ቀን መርዶ

አለምነሽ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ስር ያደረገችው ለብርሃኑ ብላ ነው። ቤቱ እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ግድግዳው በእርጥበት የተላጠ አሮጌ ቤት ሲሆን ፀሐይ የሚገባው በዚያች መስኮት ብቻ ነው። ከመስኮቱ ማዶ የአውቶቡስ ፌርማታ ይታያል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ከዚያ ፌርማታ እየተሳፈረች የሰው ደረጃ ስታጥብ ኖራለች። የኔቬ ኦዝን ሰፈር አጥባለች፣ ጋኔይ ቲክቫን አጥባለች፣ ኤም ሃሞሻቮት ያሉትን ረጃጅም ፎቆች ደግሞ ገና ሰው ሳይገባባቸው ከሲሚንቶ አቧራቸው ጀምራ አጥባለች። ከጎንደር በመጣች በሃያ ሦስተኛው ዓመት የቀኝ ጉልበቷ አበጠና አልታጠፍ አለ። ሐኪሙ ፎቶውን አየና «ደረጃ ቀንሺ» አላት። በደረጃ እጥበት ለሚያድር ሰው ይህ እንደ ዋዛ የሚነገር ቃል አልነበረም።

ስፌት ታውቃለች። አዲስ አበባ ላይ ጉዞ ስትጠብቅ ባሳለፈችው ዓመት ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ ስትተክል፣ ጠርዝ ስትዘመዝም ነው የለመደችው። ከሦስተኛ ክፍል ወጥታ ደብተር ያልያዘ እጇ ያን ጊዜ መርፌ ያዘ፤ መርፌውም ታዘዘላት። እዚህ ከመጣች በኋላ ግን ስፌቱ የዘመድ ሥራ ሆኖ ቀረ። የአንዱን ሱሪ ታሳጥራለች፣ የአንዷን ቀሚስ ታሰፋለች፣ ምርቃት ተቀብላ ትሸኛለች። ሐኪሙ ደረጃ ቀንሺ ባላት ሰሞን ነው ልጇ ሃዳር፣ «ይህን ነገር ለምን ሥራ አታደርጊውም?» ያለቻት።

ሃዳር ወታደር ናት። ደቡብ ካለው የጦር ሰፈሯ በየሁለት ሳምንቱ ለሰንበት ትመጣለች። እናቷ በአማርኛ ትጠይቃታለች፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ሃዳር አፏን ከፈታች ጀምሮ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው፣ አንድም ቀን አልተቸገሩም። አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ስልኳን ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። በከተማው ያለ ጠጋኝ፣ ቧንቧ ሠሪ፣ ፀጉር ቆራጭ፣ ሁሉም ስሙንና ስልኩን የሚያስመዘግብበት አንድ አታር አለ። አታር የሚሉት ድረ ገጹን ነው። ፈላጊ ሰው «ስፌት፣ ፔታህ ቲክቫ» ብሎ ይጽፋል፣ አለምነሽ ትወጣለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

«ይሄ ታካኖኑ ነው» አለች ሃዳር፤ ረጅሙን ጽሑፍ በጣቷ ወደ ላይ እየገፋች። «የደንቡ ነገር። ማንም አያነበውም። ተስማምቻለሁ የሚለውን እጫነዋለሁ።»

«ማን ነው የተስማማው?»

«አንቺ።»

«እንግዲያ አንብቢልኛ። ያልሰማሁትን አልስማማም።»

ሃዳር ተነፈሰችና ማንበብ ጀመረች። የሥራው ስም እውነተኛ ይሁን ይላል፤ «ከሁሉ የሚበልጥ»፣ «አንደኛ» የሚል ቃል አይገባበትም። አለምነሽ ይህን ወደደችው። ሰው ራሱን አያመስግን ማለት ነው፣ ጨዋ ደንብ ነው አለች። አድራሻውና ስልኩ የባለቤቱ ይሁን ይላል። ይሁን አለች። አንድ ሰው አንድ መዝገብ ብቻ ይኑረው ይላል። ከአንድ በላይ ምን ያደርግልኛል አለች። አስተያየት የሚጽፍ ሰው በእርግጥ የተገለገለ ይሁን፤ እያንዳንዱ በየራሱ ስምና በየራሱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይጻፍ፤ የባለቤቱ ቤተሰብ አይጻፍ ይላል።

«አንቺም አትጽፊልኝም?»

«እኔም አልጽፍም።»

«መቼ ጽፈሽልኝ ታውቂያለሽ» አለችና ሳቀች።

የመጨረሻው ደንብ እንዲህ ነበር፦ አታሩ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ቢልክ በአስራ አራት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥበት፤ በተመዘገበው የኢሜይል ሳጥን የገባ ደብዳቤ ባለቤቱ እንዳነበበው ይቆጠራል። አለምነሽ የኢሜይል ሳጥን የላትም። ሃዳር ደግሞ ለልምምድ መስክ ስትወጣ ስልኳን ሳምንት ሙሉ አትከፍትም።

«የአጎቴን የታረቀን አስገባለሁ። እሱ ኮምፒውተር አለው፣ ያነባል፣ ይነግርሻል።»

«ታረቀ ጥሩ ነው» አለች አለምነሽ። «ታረቀ አይዘነጋም።»

እውነቷን ነበር። ታናሽ ወንድሟ ታረቀ የማተሚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብላቸው እሱ ነው። አንድም ደብዳቤ ጠፍቶበት አያውቅም።

በስምንት ወር ውስጥ የአለምነሽ ስልክ መደወል ለመደ። ከኤም ሃሞሻቮት ወጣት እናቶች የልጆቻቸውን ሱሪ በከረጢት ሞልተው ይመጣሉ። ዚፕ ትቀይራለች፣ መጋረጃ ትዘመዝማለች። ያጠበችው ደረጃ ላይ ጫማቸውን እያዩ ያለፏት ሴቶች አሁን ወንበሯ ላይ ተቀምጠው «ቆንጆ አድርገሽዋል» ይሏታል። ከመካከላቸው ሁለቱ አታሩ ላይ ጻፉላት፤ አምስት አምስት ኮከብ ሰጧት። ደረጃ ለማሳጠብ ሰው የሚቀጥረውን ቀብላን፣ ሞሼን፣ «ከእንግዲህ አልመጣም» ያለችው ያን ጊዜ ነው። ሞሼም ክፉ ሰው አልነበረም። «በሰደር፣ ይሁን፣ ጉልበትሽ ሲሻለው ደውዪ» አላት።

ችግሩ የመጣው በአንድ ቀሚስ ነው። የኤም ሃሞሻቮት አንዲት ሴት የልጇን የበዓል ቀሚስ አምጥታ ለማክሰኞ ተቀጣጠሩ። እሁድ ዕለት የአለምነሽ የአጎት ልጅ ኔታንያ ላይ ሞተ። አለምነሽ መርፌውን ቀሚሱ ላይ እንደሰካች ተነስታ ሄደች፤ ሰባቱን ቀን ልቅሶ ቤት ተቀመጠች። ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የከተተችው፤ ሰው እያለቀሰ ስልክ አይጮህም። ስትመለስ ልጅቷ በሌላ ቀሚስ በዓሏን አክብራለች፣ እናቷም አንድ ኮከብ ሰጥታ ጽፋለች። «እጇ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ቃሏ ግን አይታመንም» ይላል ጽሑፉ። ሃዳር ስታነብላት አለምነሽ «እውነቷን ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሳሳ።

ነገሩ በልቅሶ ምክንያት የመጣ ስለሆነ ሰፈሩን ሁሉ አንገበገበው። ሽማግሌው አባ ላቀው ሲሰሙ፣ «አንድ ሰው ከሰሰ፤ ታዲያ ምስክር የላትም?» አሉ። በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት አስራ አንድ ሰው ታረቀ ቤት ተሰበሰበ። ሁሉም አለምነሽ የሰፋችላቸው ናቸው። ከአስራ አንዱ ዕብራይስጥ መጻፍ የሚችል አልነበረም። ታረቀ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፤ እነሱ እንደ ዕድሜያቸው ተራ እየያዙ ተናገሩ፣ እሱ እየተረጎመ በየስማቸው ጻፈ።

እትየ ደብሬ መጀመሪያ ተናገሩ። በሰፈሩ ከሴቶች ትልቋ እሳቸው ናቸው። «ጻፍ» አሉ። «የብሩ ልጅ ናት። አባቷ የሰው ነገር ሳይነካ የሞተ ሰው ነው።»

«እትየ፣ ስለ ስፌቷ ነው የሚጠይቀው።»

«ስፌቷማ ከዚያ የመጣ ነው። አንተ ጻፍ።»

አባ ላቀው፣ «ሱሪዬን አሳጠረችልኝ፤ ሱሪው ከእኔ ወዲያም ይኖራል» አሉ። ሹሜ የሚባለው የታረቀ ጎረቤት፣ «ጃኬቴን ዚፕ አደረገችልኝ። ኮከቡ ስንት ነው?» አለ።

«ትልቁ አምስት ነው።»

«ሰባት አድርግላት።»

«ከአምስት አያልፍም፣ ሹሜ።»

«ለሰው ሰጥተው ለእሷ ሊነፍጉ ነው?»

አለምነሽ ዳቦ እየቆረሰች ታስተናግዳቸው ነበር። ሃዳር ያነበበችላት ደንብ ልቧ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ እያንዳንዱ በየራሱ ይላል። ወደ ታረቀ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ሃዳር በየራሳቸው ስልክ ነው ብላኝ ነበር» አለችው።

«በየራሳቸው አይደል የተናገሩት?» አለ ታረቀ። «አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የፈረመ ሰው፣ ወረቀቱን የጻፈለት ሌላ ነው ተብሎ ምስክርነቱ ይወድቃል? እኔ እጅ ብቻ ነኝ።»

ትክክል መሰላት። ደግሞስ እትየ ደብሬን በዚያ ዕድሜያቸው ሦስት ፎቅ ወጥተው ከመጡ በኋላ ቃልዎ አይበቃም ብሎ የሚመልሳቸው ማን ነው? ዳቦውን መቁረስ ቀጠለች። የእሷ ጥፋት ካለ ያች ዝምታ ናት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አለምነሽ ያወቀችው ሁሉም ካለፈ ወዲያ ነው። የደብዳቤው ነገር እንዲህ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ታረቀ ሳጥኑን ሲከፍት የአታሩን ማስጠንቀቂያ አገኘ። አስራ አንድ አስተያየት በአንድ ጠዋት ከአንድ ኮምፒውተር ተጽፏል፤ ይህ የሐሰት ምስክር ምልክት ነው፤ ማጣሪያው እስኪያልቅ መዝገቡ ለፈላጊ አይታይም። በአስራ አራት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ጸሐፊ በየራሱ ስልክ ገብቶ እኔ ነኝ ካላለ መዝገቡ ይሰረዛል፣ ባለቤቱም ለአንድ ዓመት መመዝገብ አይችልም። ታረቀ ሦስት ጊዜ አነበበው። አተመው። አጥፎ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

ያ ኪስ ከዚህ በፊትም ደብዳቤ ይዞ ያውቃል። ሃዳር በተወለደች ሰሞን ከጎንደር የእናታቸው ሞት ተጽፎ መጣ። ታረቀ ያን ጊዜ አስራ ስምንት ዓመቱ ነበር። እህቱ አራስ ናት፤ ደብዳቤውን ሁለት ወር ኪሱ ውስጥ ይዞ ከእሷ ጋር ሲበላ፣ ሲስቅ ከረመ። ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌዎች ይዞ በጠዋት መጣ፤ በወጉ አረዷት። አለምነሽ እንባዋ ሲቆም፣ «ወተቴ ሳይደርቅ፣ ሰው ከቦኝ፣ በወጉ ነገርከኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ» ብላው ነበር። በሕይወቱ ከሠራው ነገር ሁሉ ታረቀ የሚኮራበት እሱን ነው። ክፉ ወሬ ለብቻ፣ በቁም፣ በስልክ አይነገርም። ይህን አምኖ ያደገ ሰው ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ከሥራ ሲወጣ አባ ላቀው ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው፣ ሳያነቡት፣ አዩት።

«እሷ እንዴት ናት?»

«ጉንፋን ይዟታል። ሃዳርም ጦር ሰፈሯ ናት፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት።»

«እንግዲያ አሁን አይሆንማ። ደብሬም የለችም፤ ልጇ ዘንድ ቂርያት ጋት ሄዳለች። ያለ ደብሬ ለሴት ልጅ አይነገርም።» አሰቡ። «ደግሞ ሲግድ ሊመጣ ነው። በዚያ ቅዱስ ጾም ልቧን ሰብረን ኢየሩሳሌም እንውሰዳት? ሲግድ ይለፍ። ሰንበትም ይለፍ። ሰኞ ሲነጋ እንሄዳለን።»

«አባ፣ ቀን ይቆጥራል። አስራ አራት ይላል።»

«ደብዳቤ መቼ በአንድ ጊዜ አብቅቶ ያውቃል? ስንቱን አንብበህልኛል። መጀመሪያ ነጩ ማሳሰቢያ ይመጣል፣ ከዚያ ሁለተኛው፤ ጠብ ያለው በሦስተኛው ነው።»

«ያ የመንግሥት ነው። ይሄ የመንግሥት አይደለም።»

«ታዲያ ከመንግሥት ይከፋል?»

ሽማግሌ ቀን ከቆረጠ በኋላ ቀን መጨመርና መቀነስ የልጅ ነገር አይደለም። ታረቀ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

አለምነሽ በዚያ ሳምንት የምታውቀው ስልኳ ፈጽሞ ዝም ማለቱን ነበር። ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ሹሜን ደውልልኝ አለችው፤ ደወለ፣ ጮኸ። ጉንፋኗ ለቀቃት። የቀራትን የመጨረሻ መጋረጃ ጨርሳ አጠፈችና መስኮቱ ስር ተቀምጣ አውቶቡሶቹን አየች። ክረምት ነው፣ ሰው በክረምት ልብስ አያሰፋም ብላ ራሷን አጽናናች። ባለፈው ክረምት ግን እንዲህ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት አንድ ስልክ መጣ። ሞሼ ነበር።

«አለምነሽ፣ ጉልበትሽስ?»

«እንዳለ ነው።»

«ስሚኝ። ኔቬ ኦዝ ላይ አንድ ሕንፃ አግኝቻለሁ። ሊፍት አለው። በሊፍት ትወጫለሽ፣ እየጠረግሽ ትወርጃለሽ፣ ባልዲ ተሸክሞ መውጣት የለም። በሳምንት ሦስት ጠዋት ብቻ። ላንቺ ብዬ መጀመሪያ ደወልኩ። እስከ እሁድ ንገሪኝ፣ ከዚያ ለሌላ እሰጣለሁ።»

እንዲህ ያለ ሕንፃ በዓመት አንዴም አይገኝም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ወደ ደረጃ ከተመለሰች ስፌቱ ይሞታል፤ ሦስት ጠዋት ከሠራች ከሰዓት በኋላዋን ጉልበቷን ዘርግታ ነው የምታሳልፈው፣ ታውቀዋለች። ስልክ የማይነሳለት ደንበኛ ደግሞ ምን እንደሚጽፍ አይታለች። አታሩ ካለ ግን፣ የአስራ አንዱ ሰው ምስክርነት ያን አንድ ኮከብ ካሸነፈው፣ እስከ ፋሲካ የቀድሞው ሥራ ይመለሳል። ሁሉም ነገር በአታሩ ላይ ነበር።

ሰንበት ከሰዓት በኋላ ታረቀ ሊጠይቃት መጣ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። የሞሼን ነገር ከስሩ ነገረችው።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችው። «ሕንፃውን ልያዝ ወይስ መኪናዬ ላይ ልቀመጥ?»

ታረቀ ቀና ብሎ አላያትም። እጁ ወደ ጃኬቱ ደረት ሄዶ ሲመለስ አየችው፤ ደረቱን ያመመው መሰላት።

«አመመህ እንዴ?»

«አይ።» ጃኬቱን ቆለፈ። «ዛሬ ሰንበት ነው፣ እህቴ። የሥራ ነገር በሰንበት አይወራም።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች። ወንድሟ እንዲህ አጥብቆ ሰንበት ሲያከብር ስታይ ደስም አላት። እሱ ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና፣ «እህቴ…» አለ። ጠበቀችው። «በሰደር፣ ደህና እደሪ» ብሎ ወረደ። በደረጃው ላይ ብዙ ቆይቶ ነው የእግሩ ድምፅ የጠፋው።

እሁድ ጠዋት ለሞሼ ደወለች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሥራ አለኝ» አለች።

ሲግድ፣ የቤተ እስራኤሎች የጾምና የምህላ በዓል፣ መጣ። በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ሄዱ፣ ቄሶቹ ጸለዩ፣ ጾሙ ተፈታ። እትየ ደብሬ ከቂርያት ጋት ተመልሰው ቀኑን ሙሉ ክንዷን ይዘው ዋሉ፤ ባዩዋት ቁጥር ዓይናቸው ይሞላል። እርጅና ነው አለች በልቧ። አባ ላቀውም ጭንቅላቷን ይዘው ከወትሮው ረዘም አድርገው መረቋት። ደግነቱ በዝቶባት ደከማት።

ሰኞ ሲነጋ ውሃ ልታሞቅ ተነስታ በመስኮት ወደ ፌርማታው ስትመለከት አምስት ሰዎች መንገድ ሲሻገሩ አየች። ከፊት አባ ላቀው በዱላቸው፣ ከጎናቸው እትየ ደብሬ፣ ከኋላ ሹሜና ሚስቱ እንጉዳይ፣ መጨረሻ ላይ ታረቀ። ሁሉም ነጠላቸውን እንደ ልቅሶ ቤት ለብሰዋል። ማንም አያወራም።

ይህን ሰልፍ ታውቀዋለች። እናቷ የሞተች ጊዜ እንዲህ ነበር የመጡት። እሷም ራሷ ለሌሎች በር እንዲህ ተሰልፋ ሄዳ ታውቃለች። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ የሚመጡት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እጇ የስፌት መኪናዋን ጠርዝ ያዘ። ሃዳር ናት። መስክ ነው ያለችው፣ ሳምንት ሆናት ድምፅዋን ካልሰማች። ሃዳር ናት።

በሩ ተንኳኳ። አልሄደችም።

«አለምነሽ፣ ክፈችልን ልጄ» አሉ አባ ላቀው።

እንዴት እንደ ከፈተች አታስታውስም። ገቡ። ወጉ ነውና ማንም ቶሎ አልተናገረም። እንጉዳይ ወንበር አመጣችላት፤ ወንበሩን ትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባ ላቀው ቆመው ጀመሩ። የሰው ልጅ ሁሉ ዛሬ የያዘውን ነገ ያጣል አሉ። ሰጪውም ነሺውም እሱ ነው አሉ። ኢዮብን አነሱ። አንዱ ቃል ከሌላው በመካከሉ ዓመት ያለው እየመሰላት ስትሰማ ቆየች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ሲቀደድ ድምፁን ሁሉም ሰሙት።

«ልጄ የት ናት?» አለች።

እትየ ደብሬ ከጎኗ ወለሉ ላይ ወረዱና አቀፏት። «ቻይው እንግዲህ፣ ልጄ። ያ በማሽኑ ውስጥ ያለው… የስፌትሽ ስም… ሊያወጡት ነው አሉ።»

«ሃዳርስ?»

«ሃዳር ምን ሆነች?»

«ሃዳር ደህና ናት?»

አምስቱም ተያዩ። «እኛ ምን እናውቃለን፣ ደህና ናት እንጂ» አለ ሹሜ።

አለምነሽ ግንባሯን ወለሉ ላይ አደረገች። ከዚያ የመጣባት ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሷም አልለየችውም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እትየ ደብሬ ለስፌቱ ያለቀሰች መስሏቸው አብረው አለቀሱ፣ እንጉዳይም ተከተለች። ታረቀ ግድግዳውን ተደግፎ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ይዞ ቆመ። እሱ ብቻ ነው እህቱ ምን እንዳሰበች የገባው፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

ሃዳር ቀትር ላይ ደወለች። መስኩ አልቋል፣ ስልኳን ገና መክፈቷ ነው። አለምነሽ ድምፅዋን ሰምታ ብዙ ጊዜ መናገር አልቻለችም። ነገሩን የነገራት ታረቀ ነው፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሁሉም ይሰማል። ሃዳር እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ አታሩን ከፈተችና አየች።

«ትናንት ነው የተሰረዘው» አለች በዕብራይስጥ። «አስራ አራተኛው ቀን ትናንት ነበር።»

«ሁለተኛ ደብዳቤ የለም?» አሉ አባ ላቀው።

«ሁለተኛ የለም። አጎቴ፣ የእትየ ደብሬ የልጅ ልጅ ስልክ አላት። የአባ ላቀው አራት የልጅ ልጆች ስልክ አላቸው። አስራ አንዱም በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር። መስክ ሳልወጣ አንድ መልእክት ብትልክልኝ በቃ ነበር። አንድ።»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም» አለ ታረቀ በቀስታ።

ከመስመሩ ውስጥ የሌሎች ወታደሮች ሳቅ ይሰማ ነበር።

ሃዳር ለአታሩ ማመልከቻ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፦ ጊዜው አልፏል፤ ደብዳቤው በተመዘገበው ሳጥን ገብቷል፣ ስለዚህ ባለቤቲቱ አንብባዋለች፤ ለአንድ ዓመት መመዝገብ አትችልም። አለምነሽ ሲነበብላት ራሷን ነቀነቀች። ይህን ደንብ ታውቀዋለች። ተነቦላት ተስማምታለች።

በታረቀ ልትናደድ ሞከረች። ማታ ማታ ቁጭ ብላ የምትለውን ታዘጋጃለች። ሕንፃውን ስጠይቅህ አፍህን ለምን ዘጋህ ልትለው ትፈልጋለች። ግን ያን ጠዋት ታስባለች፤ ወለሉን፣ ግንባሯን፣ ሃዳር ደህና ናት የተባለበትን። ከዚያ ቁጣው እጇ ላይ ይበተናል። ልጁን ቀብሮ ያገኘ ሰው ስለ አንድ አታር ምን ብሎ ይጮሃል? እሱም መምጣቱን አሳጠረ። ሲመጣም ጃኬቱን እበሩ ላይ ያወልቃል፤ ኪሱ ባዶ መሆኑን የሚያሳያት ይመስላል። አንድ ቀን፣ «እህቴ፣ እኔኮ…» ብሎ ጀመረ።

«በወጉ ነው የነገርከኝ» አለችው። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩበትም።

ለሞሼ ደወለች። የኔቬ ኦዙ ሕንፃ ለሌላ ሴት ተሰጥቷል። «ያለኝ መሃል ከተማ አሮጌ አራት ፎቅ ነው፣ ሁለት መግቢያ» አላት። «ሊፍት የለውም። ይቅርታ።»

«ይሁን» አለች።

የስፌት መኪናዋን በአሮጌ አንሶላ ሸፈነችው። መስኮቱ ስር ይቀመጥ እንጂ አሁን ብርሃን ሲገባ እሷ ቤት የለችም። ያ ዓመት ሲያልቅ ሃዳር ድጋሚ እንመዝገብ ትላት ይሆናል፤ እስከዚያ ዓይኗ ክር ማስገባት ይችል እንደሆነ አታውቅም።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ ባረጠበው ጠዋት፣ ባልዲዋን አራተኛው ፎቅ አድርሳ ወደ ታች እየጠረገች ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። እጇን በልብሷ አደራርቃ አነሳችው። የጋኔይ ቲክቫ ሴት ናት፤ ባለፈው ዓመት መጋረጃ አሰፍታ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ያስቀመጠች።

«አታሩ ላይ ፈልጌ አጣሁሽ» አለች። «ደህና ነሽ? አራት መጋረጃ አለኝ። ለሐሙስ ይደርሳል?»

አለምነሽ በደረጃው ላይ ተቀመጠች። አራት መጋረጃ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው። ነገም እዚህ ናት፣ ረቡዕም። ማታ ስትገባ ጉልበቷ የመኪናውን ፔዳል አይረግጥም። ይደርሳል ብትል ሐሙስ ይመጣል፣ መጋረጃው አይኖርም።

«አይደርስም» አለች።

«ለሚቀጥለው ሳምንትስ?»

«ለሚቀጥለውም አይደርስም። ሌላ ሰው ፈልጊ፣ እመቤቴ። አታሩ ላይ ብዙ ሰው አለ።»

ሴትዮዋ አዝና ተሰናበተቻት። አለምነሽ የብረት መደገፊያውን ይዛ፣ መጀመሪያ ግራ እግሯን፣ ከዚያ ቀኙን እየጎተተች ተነሳች። ባልዲውን ዘንበል አደረገችው። ውሃው እሷን ቀድሞ ወደ ታችኛው ደረጃ ወረደ።